ቀን የሌለው የሳተላይት ምስል

«በሳተላይት ታይቷል» ከተባለ ክርክሩ ያበቃል። ከሰማይ የመጣን ማስረጃ ማን ይሞግታል? እኔ ግን የተነሳበት ቀንና ያነሳችው ሳተላይት ስም ያልተጻፈበት ምስል ዜና ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1972 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያነሷት ዝነኛዋ ሰማያዊ ምድር በእርግጥም ፎቶ ናት። ከ29 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ በእጅ ካሜራ። (ሲነሳ ደቡቡ ወደ ላይ ነበር። ለዓይናችን እንዲመች ገለበጡት።) ናሳ በ2002 ያወጣት ምድር ግን የተገጣጠመች ናት። ቴራ የተባለችው ሳተላይት የምትዞረው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ምድርን ሙሉዋን በአንድ ጊዜ ማየት አትችልም። ስለዚህ ለወራት የሰበሰበችው ምስል ተገጣጠመ። ደመናው እንኳ ለብቻው ነው የተጨመረው። ናሳ ይህን አልደበቀም፤ የሚያጋሩት ሰዎች ናቸው የማይናገሩት።

ቀለምም አለ። ጤናማ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር አብዝቶ ይመልሳል። ባለሙያዎች ይህንን ብዙ ጊዜ በቀይ ያሳዩታል። የማያውቅ ሰው ለምለሙን ጫካ አይቶ «ተቃጠለ!» ቢል አይፈረድበትም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን «በፊት» እና «አሁን» ተብለው ጎን ለጎን የሚለጠፉት ሁለት ምስሎች ናቸው። አንድ ሐይቅ ከዝናቡ ማግስት ሞልቶ ይታያል፣ በበጋው መጨረሻ ይሸሻል። የመጀመሪያውን «በፊት»፣ ሁለተኛውን «አሁን» ብሎ መለጠፍ ነው እንግዲህ። ሁለቱም ምስሎች እውነተኛ ናቸው። ውሸቱ አጣማሪው ዘንድ ነው። የእውነት የደረቀ ሐይቅ ሲገኝም በዚህ የተነሳ አማኝ ያጣል። በመካከለኛው እስያ ያለውን የአራል ባሕር መድረቅ ያሳመነን የአንድ ቀን ምስል ሳይሆን የአሥርት ዓመታት ተከታታይ ምስል ነው።

ማጣራት ደግሞ ከባድ አይደለም። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ያጠራቀሙት ምስል በ2008 ለሁሉም በነፃ ተከፍቷል። ከዚያ በፊት አንዱ ምስል በመቶዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። ከ2015 ወዲህ የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶችም አሉ። ቀኑ ከተጻፈ ማንም ገብቶ በዚያ ሰሞን የተነሳውን ማየት ይችላል።

እርግጥ የላንድሳት ምስል አንድ ነጥብ (ፒክሰል) መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። አንድ ቤት እዚያ ነጥብ ውስጥ ይጠፋል። የፈረሰ ሕንፃ ለማሳየት የንግድ ኩባንያዎች ምስል ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በገንዘብ ነው፣ ተራ አንባቢ ሊያጣራው አይችልም። እዚያ ላይ ቢያንስ የሸጠው ኩባንያ ስም ይጻፍ።