ማስተካከያ፦ የአሳማ የሽንት ጠጠርና ካልሲየም
ባለፈው ጽሑፌ የሽንት ጠጠርን ለመከላከል ካልሲየም ከአሳማ መኖ ይውጣ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። የእንስሳት ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት የሚሉት ካልሲየም ከፎስፈረስ ጋር ተመጣጥኖ ይቅረብ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ውሃ። የምታጠባ እናት አሳማ በቀን 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ትጠጣለች። ውሃው በደንብ ካልወረደላት ሽንቷ ይወፍራል፣ ጠጠርም ይሠራል። ስለዚህ መኖውን ከመንካታችሁ በፊት ከመጠጫው በደቂቃ 2 ሊትር ያህል መውረዱን ለክታችሁ እዩ። አዲስ በተወለዱ ግልገሎች ላይ የሚታየው ጠጠርማ ከመኖ ጋር አይገናኝም። ወተት ሳያገኙ ሲቀሩ፣ ሰውነታቸው ፈሳሽ ሲያጥረው የሚመጣ ነው።

እኔን ሰምታችሁ ካልሲየም ያወጣችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱ። የምታጠባዋ እናት ለወተቷ ከራሷ አጥንት መውሰድ ትጀምራለች፤ አጥንቷ ይሳሳል፣ ሊሰበርም ይችላል።