እርማት፦ አልሃምብራ በብርዱ ወራት አይዘጋም

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አልሃምብራ፣ ስፔን ውስጥ ግራናዳ ከተማ ስላለው ጥንታዊ የምሽግና የቤተ መንግሥት ግቢ፣ አስተያየቶቹ ላይ አንድ ነገር ሲደጋገም አየሁ። «ግራናዳ ያለው አልሃምብራ ክረምት ላይ ዝግ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት መሄድ ትርፉ ድካም» የሚል። በቅንነት የተጻፈ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

አልሃምብራ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። የሚዘጋው ዲሴምበር 25 እና ጃንዋሪ 1 ብቻ ነው። በብርዱ ወቅት የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። ከኦክቶበር 15 እስከ ማርች 31፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 12:00 ይሠራል፤ በቀሩት ወራት እስከ ምሽቱ 2:00። ምናልባት ግራ ያጋባው የማታው ጉብኝት ይሆናል፤ የእሱ ቀናት በብርዱ ጊዜ ያንሳሉ። («ክረምት» የሚለው ቃልም ያምታታል። በእኛ ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ግራናዳ በፀሐይ ትቃጠላለች።)

ችግሩ ይህን ያመነ ሰው ጉዞውን ወደዚያ ሙቀትና ግርግር መግፋቱ ነው። ያኔ ደግሞ ትኬቱ ቶሎ ያልቃል። በግቢው ውስጥ ወዳሉት የናስሪድ ነገሥታት ቤተ መንግሥቶች የሚገባው ትኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ብቻ ነው፤ ፓስፖርትም ይጠየቃል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። የአልሃምብራ አስተዳደር ራሱ ትኬት የሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ ግቡና የጃንዋሪን ካላንደር ክፈቱ። የሻጭ ድርጅቶችን ገጽ አትመኑ፤ እዚያ ትኬት አለቀ ማለት ቦታው ተዘጋ ማለት አይደለም።

እኔን ብትጠይቁኝ ብርዱን እመርጣለሁ። ከሳን ኒኮላስ አደባባይ ሆናችሁ ስታዩት፣ ከአልሃምብራ ጀርባ የሴራ ኔቫዳ ተራራ በረዶ ለብሶ የሚታየው ያኔ ነው። ጃኬት ብቻ አትርሱ።