በየወሩ የሚሰጠው የትል መከላከያ ወደ ኋላ ነው የሚሠራው

ስለ ቤት እንስሳት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ለውሾችና ለድመቶች የልብ ትልና የአንጀት ትል መከላከያ በየወሩ እንዲሰጥ መምከሩ ተገቢ ቢሆንም፣ ወር የተባለበትን ምክንያት ሳይገልጽ ማለፉ ጎዶሎ አድርጎታል። መድኃኒቱ ለመጪው ወር ጋሻ የሚሆን ሳይሆን፣ ባለፉት ሳምንታት በቢንቢ ንክሻ ወደ እንስሳው ገላ የገቡትን የልብ ትል እጮች ሳይጎለምሱ የሚገድል ነው፤ እጮቹ አድገው ለመራባት ከ6 እስከ 7 ወር ይፈጅባቸዋል፣ ከጎለመሱ በኋላ ግን በቀላሉ አይበገሩለትም። ስለዚህ ዕድሜው ከ7 ወር ያለፈ ውሻ መከላከያውን ከመጀመሩ በፊት የጎለመሰ ትል እንዳለበት ለማወቅ የደም ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

እኔ የምኖረው ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ስለሆነ የቢንቢውን ነገር አሳንሼ አላየውም። ይሁን እንጂ እኛን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው የአንጀት ትል ይመስለኛል፤ በበዓል እርድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የተለመደ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ውሻው ውስጥ የሚያድገው ጥቃቅን የኮሶ ትል እንቁላሉ ወደ ሰው ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ያበጃል። ለልብ ትል የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ኮሶን አይነካም፤ ለዚያ ፕራዚኳንቴል የተባለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ለውሾቻቸው በግምት የሚሰጡ ጎረቤቶችም አሉኝ። የከብቱ መጠን በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም ሲሆን ለውሻ የልብ ትል መከላከያ የሚበቃው 6 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ እንደ ኮሊ ላሉ የውሻ ዝርያዎች ደግሞ ይህ ስሕተት ለሞት ሊያደርስ ይችላል።