ማስተካከያ፦ የትኛው 1999?

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዛዊቷ የቴሌቪዥን ስፖርት ጋዜጠኛ ጃኪ ኦትሊ ስጽፍ፣ በቢቢሲው የእግር ኳስ ፕሮግራም «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ጨዋታ ያስተላለፈች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በ1999 ነው ብዬ ነበር። «ዓ.ም» የምትለዋን በመዝለሌ፣ ለገጣፎ ኳስ በምናይበት ቤት ሁለት ወጣቶች ሲሟገቱ አመሹ። አንደኛው የፈረንጆቹ 1999 መስሎት «ማንቸስተር ዩናይትድ ሦስት ዋንጫ ባነሳበት ዓመት ነዋ!» ሲል፣ ሌላው «በፍጹም፣ ከዚያ በኋላ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀኑ ሚያዝያ 13 ቀን 1999 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ደግሞ ኤፕሪል 21 ቀን 2007 ነው፤ ፉልሃምና ብላክበርን 1 ለ 1 የተለያዩበት ጨዋታ።

የባሰው ስህተት ግን ማንም ያላነሳብኝ ነው። «ከዚያ በፊት ማይክሮፎን ጨብጣ አታውቅም» ብያለሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ጃኪ ቀድሞ በአእምሯዊ ንብረት ዘርፍ ትሠራ ነበር። የምትወደውን ኳስ መጫወት የጉልበት ጉዳት ሲከለክላት ሥራዋን ትታ ጋዜጠኝነት ተማረች፤ ቴሌቪዥን ላይ ከመውጣቷ በፊትም በሬዲዮ ጨዋታ ስታስተላልፍ ቆይታለች። እንግዲህ ድንገት ከመንገድ የተጠራች አልነበረችም።

«የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች» የሚለውም ይሰረዝ። ለእንግሊዝ 140 ጊዜ የተሰለፈችው ሌላዋ የቴሌቪዥን አቅራቢ አሌክስ ስኮት ናት፤ አምታትቻቸው ነው።

ክርክሩን ሁለተኛው ወጣት አሸንፏል። የተወራረዱበትን ማኪያቶ እኔ እከፍላለሁ።