ማስተካከያ፦ ኮድ 3 ሁሉ የጭነት መኪና አይደለም

መኪና ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች የተጻፈ አንድ መልእክት ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። «ኮድ 3 የጭነት መኪና ነው፤ ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ደግሞ ኢንሹራንስም አለው» ይላል። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ኮድ የሚናገረው መኪናው ለምን አገልግሎት እንደተመዘገበ ነው። በነባሩ ሰሌዳ ቀዩ ኮድ 1 የታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ነው። በድርጅት ስም የተመዘገበች ትንሽዬ ቪትዝም ኮድ 3 ልትሆን ትችላለች።

ቦሎና ሦስተኛ ወገን ደግሞ ለየቅል ናቸው። ቦሎ መኪናው ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ማለፉን ያሳያል። ሦስተኛ ወገን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ውዥንብሩ የመጣው ቦሎ ሲወጣ የመድን ማስረጃ ስለሚጠየቅ ይመስለኛል። ግን የሁለቱ ማብቂያ ቀን ላይገጥም ይችላል። መድኑ ካለቀ ቦሎው አያድንም። መስታወቱ ላይ ሁለቱንም ለየብቻ እዩ።

ቦሎ አለው ማለት ዛሬም ጤነኛ ነው ማለትም አይደለም። ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና መሪ የሚታዩት በምርመራው ቀን ነው። ለቦሎ ሰሞን ደህና ጎማ ተውሶ፣ ካለፈ በኋላ ጥርሱ አልቆ ሊሾ የሆነውን መልሶ የሚያስር ሞልቷል። (ሹፌሮች ይሄን ሲያነቡ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።) ስለዚህ ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ጋር አስተያዩ።