ማስተካከያ፦ የኡቡንቱ የጀማሪዎች መመሪያ የማን ሥራ ነው?

ኡቡንቱ ስለተባለው ነጻ የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጀማሪዎች መመሪያ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፋችን፣ መመሪያውን ያዘጋጀው ካኖኒካል እንደሆነ፣ ለመሳተፍ ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ እንደሚያስፈልግና ማባዛትም ክልክል እንደሆነ ተገልጾ ነበር። ሦስቱም ትክክል አይደሉም።

ካኖኒካል ከኡቡንቱ ጀርባ ያለው ኩባንያ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ለኡቡንቱ ዕትም 10.04 የወጣውን መመሪያ የጻፉት፣ ያረሙትና የተረጎሙት ግን በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያለ ክፍያ ለደከሙ ሰዎች ምስጋናው ሊደርሳቸው ይገባል።

ገጾቹ የሚቀናበሩት በጽሑፍ ትእዛዝ ገጽ በሚያቀናብረው በላቴክ ፕሮግራም ስለሆነ እዚያ ላይ የሚሠራ ሰው ጥቂት ትእዛዞችን መልመድ አለበት። የቀረው ሥራ ከኮድ ጋር አይገናኝም፤ መጻፍ፣ ማረም፣ መተርጎም፣ የስክሪን ምስል ማንሳት ነው። ረቂቁን ኮምፒውተር ብዙም ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ የት ላይ እንደሚደናገር መከታተልም አለ። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው፤ የለመደ ዓይን ጀማሪውን የሚያስቸግረውን ነገር ያልፈዋል።

ፈቃዱ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው። የአዘጋጆቹን ስም ጠቅሶና ያንኑ ፈቃድ ጠብቆ ማንም ሊያባዛው፣ ሊያሻሽለው፣ ወደ አማርኛም ሊመልሰው ይችላል።

መመሪያውን አይታችሁ 10.04ን እንዳትጭኑ አደራ። የዴስክቶፑ የደኅንነት ማሻሻያ በ2013 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል፣ መልኩም ከዛሬው ኡቡንቱ ጋር አይመሳሰልም። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 24.04 ለ5 ዓመት ነጻ ማሻሻያ ያገኛል፤ አዲስ ረቂቅ የሚጀምር ቡድን በእሱ ወይም ከእሱ በኋላ በወጣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባለው ዕትም ላይ ይሥራ።