ድጎማው በማን በር ይገባል?

አሜሪካ ያለ ዘመድ «እዚህ መንግሥት ለልጅ ገንዘብ ይሰጣል» ሲል፣ ደሴ ያለው ሰው ሁሉም እኩል የሚያገኝ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የልጅ ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ልጅ ላለው ሰው ከግብሩ ላይ የሚቀነስለት ገንዘብ፣ ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር ነበር። በዓመት 200,000 ዶላር የሚያገኙ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት 4,000ውን ሙሉ ከግብራቸው ላይ ይቀንሱ ነበር። ሁለት ልጆች ይዛ በጽዳት ሥራ 12,000 የምታገኝ እናት ግን የሚቀነስላት የገቢ ግብር ስለሌለባት፣ በእጇ የሚገባው ከ2,500 በላይ ካገኘችው ላይ 15 በመቶው፣ ማለትም 1,425 ዶላር ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኞች የተዘጋጀው ሌላው ክሬዲት 4,800 ገደማ ይጨምርላታል፤ ይህ መካድ የለበትም። ሆኖም የግብር ማስታወቂያ ፎርም ካልሞላች ሁለቱም አይመጡም። «ግብር የለብኝም» ብሎ ሳይሞላ የሚቀር ሰው ደግሞ ከኛም ውስጥ አይጠፋም።

አገር ቤት የደመወዝ ግብር ልጅ አይቆጥርም። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 2,000 ብር ነው፤ በወር 9,000 ብር ከሚያገኝ ሰው 1,400 ብር ይቆረጣል። አራት ልጆች የሚያሳድገው የደሴ መምህርም፣ ወንደላጤው ባልደረባውም ያችኑ 1,400 ይከፍላሉ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባ ባለሀብት ማሽኑን ያለ ቀረጥ ያስገባል፣ ለዓመታትም የገቢ ግብር እፎይታ አለው። መስፊያው ላይ የምትሠራው ልጅ ግን ደሞዟ ከ2,000 ካለፈ ከመጀመሪያው ወር ይቆረጥባታል። ያለ ማበረታቻ ፋብሪካው አይመጣም ይባላል፤ ይሁን፣ እፎይታው ለሷም ቢያንስ ስድስት ወር ቢሰጥ ምን ነበረበት?

ከሁሉ የሚገርመው የመብራቱ ነው። ዝቅተኛው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ደሃ ታስቦ ወጣ፤ የሚቆጥረው ግን ቆጣሪን እንጂ ቤተሰብን አይደለም። ደሴ ውስጥ በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 45 ቢጠቀሙ ቆጣሪው 180 ያነባል፣ ሂሳቡም ሦስተኛው እርከን ይገባል። ቪላ ውስጥ ብቻውን የሚኖርና ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ የሆነ ነጋዴ በ40 ኪሎዋት ሰዓት የደሃውን ታሪፍ ይከፍላል። በየክፍሉ በር ላይ የሚገጠመው ትንሽ ቆጣሪ ሂሳብ ለመከፋፈልና ጭቅጭቅ ለመቀነስ ይረዳል እንጂ እርከኑን አይለውጥም፤ እርከኑ የሚታሰበው በዋናው ቆጣሪ ነው። የራስን ዋና ቆጣሪ ለማስገባት ደግሞ የይዞታ ማስረጃ ይጠየቃል፣ እሱም ያለው በአከራዩ እጅ ነው።